ለማትሪክ ተፈታኝ ልጅ ጊዜ፣ ቦታና ሰሚ ስጡት

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ 12ኛ ክፍል የደረሰ ወይም ሊደርስ ያለ ልጅ በቤታችሁ ካለ ግን እስከ መጨረሻው እንድታነቡት እጠይቃለሁ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ ወደ መስጂድ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ኡስታዝ፣ ልጄ ሊፈተን ነውና ዱዓ አድርጉልኝ» ይላሉ እናቶች። አባቶችም ከሶላት በኋላ ጠጋ ብለው ይህንኑ ይላሉ። ዱዓ የሙእሚን ትልቁ መሣሪያ ነው፤ እናደርጋለን፣ ማድረግም ይገባናል። ነገር ግን ጥያቄው የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው። መስከረም ላይ መጥቶ «ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ገብቷል፤ ማታ ማታ ተረጋግቶ የሚያጠናበት ቦታ የት ይገኛል?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ እምብዛም የለም። ግመሉን ሳያስር «ተወከልኩ» ስላለው ሰው ሁላችንም በየደርሱ ሰምተናል። ስለ ልጆቻችን ፈተና ሲሆን ግን ገመዱን ፍለጋ የምንነሳው ግመሉ ከሄደ በኋላ ነው።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። አብዛኛው ልጃችን ፈተናውን የሚወድቀው አእምሮ አንሶት አይደለም። ውድ አስጠኚ ስላልተቀጠረለትም ብቻ አይደለም። የሚጎድሉት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሚያጠናበት ጊዜ፣ የሚያጠናበት ቦታ፣ ያጠናውን የሚሰማው ሰው። ሦስቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ሦስቱም በወላጅና በጀመዓ እጅ ያሉ ናቸው።

🔹 ቁጥሩ ምን ይነግረናል?

ፈተናው በየትምህርት ቤቱ መሰጠቱ ቀርቶ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ከተደረገ ወዲህ ያለውን ውጤት እንመልከት። የ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች፣ ጥቅምት 2015 ላይ የተፈተኑት፣ 896,520 ነበሩ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። ከመቶው 3.3 ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ። መሻሻል አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በተሻለው ዓመትም ከመቶ ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት ግማሹን ሳያገኙ ወደ ቤት ተመልሰዋል። በ2015ቱ ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

ከዚህ የባሰ የሚያሳስበኝ ሌላ ቁጥር አለ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የተፈታኞቹ አማካይ ውጤት ከመቶ 30 እንኳ አልደረሰም። ጥያቄው አራት ምርጫ ያለው ነው። መጽሐፍ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ቢያጠቁር ወደ 25 ያገኛል። እንግዲህ ልጆቻችን አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ተምረው ከግምት በላይ የጨመሩት ጥቂት ነጥብ ነው ማለት ነው። ይህን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። ችግሩ ከልጁ ይሰፋል።

መምህር የሌለው፣ መጽሐፍ ለአምስት የሚካፈል፣ ላብራቶሪው ተቆልፎ የኖረ ትምህርት ቤት አለ። በጦርነትና በመፈናቀል ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ አለ። ይህ የመንግሥት ኃላፊነት ነው፤ ልንጠይቅም ይገባል። የዘንድሮ ተፈታኝ ግን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል ቆሞ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ለእሱ ዛሬ ማታ የምናደርግለት ነገር አለ።

🔹 አንደኛ፦ ጊዜ

ብዙ ወላጅ «ልጄ አያጠናም» ይላል። እስቲ የልጁን ውሎ እንቁጠረው። ወንዱ ከትምህርት ቤት መጥቶ አባቱን ሱቅ ያግዛል። ሱቁ የሚዘጋው ማታ 3 ሰዓት ነው። ሴቷ ደግሞ ከትምህርት ቤት ገብታ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታናናሾቿን ታጥባለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ከዚያ በኋላ «ለምን አታጠኚም?» ትባላለች። መጽሐፉን ስትገልጥ እንቅልፍ ይጥላታል። ውጤቷ ሲመጣ «ሴት ልጅ ድሮም ትምህርት አይሆናትም» የሚል ዘመድ አይጠፋም። ሰዓቷን ከወሰድንባት በኋላ ውጤት አላመጣሽም ብሎ መውቀስ ዙልም ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማንም የማይነካው ሰዓት ስጧቸው። ከመስከረም እስከ ሰኔ ወደ 40 ሳምንት አለ። ሲባዛ 360 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሱቅ አይጠሩም፣ ለእንግዳ ቡና አያፈሉም፣ ስልካቸውም ከእናት ዘንድ ይቀመጣል።

«በመጨረሻው ወር ቀን ከሌት አጥንቶ ይደርስበታል» የሚል አለ። መድረሳ የተማረ ሰው ይህን ሊቀበል አይችልም። ሠላሳውን ጁዝእ በመጨረሻው ወር የሐፈዘ ሰው አይተን አናውቅም። ሒፍዝ የሚያዘው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ የሚጸናው ደግሞ በሙራጀዓ ነው። ትላንት የያዘውን ዛሬ ካልደገመው፣ ያለፈውን ሳምንት በዚህ ሳምንት ካልከለሰው፣ ከእጁ ይወጣል። የፊዚክስ ምዕራፍም የአእምሮ ነገር ነውና በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በአንድ ሌሊት የተጨቆነ ትምህርት በሳምንቱ ይተናል።

ስለዚህ ሳምንቱን ይክፈሉት። አራት ቀን አዲስ ትምህርት፣ አንድ ቀን የቆየውን መከለስ፣ አንድ ቀን ያለፉ ዓመታትን ፈተና ሰዓት ይዞ መሥራት። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፤ መጀመሪያ የተማሪው መጽሐፍ፣ ከዚያ ወርክሺት። ብዙ ልጆች መጽሐፉን ሳያነቡ ከቴሌግራም ያወረዱትን ጥያቄና መልስ ይሸመድዳሉ። ጥያቄው ቁጥሩን ቀይሮ ሲመጣ ግራ ይገባቸዋል። አንድ ደብተር ደግሞ ለተሳሳቱት ጥያቄ ብቻ ይኑራቸው። ለምን እንደተሳሳቱ በራሳቸው ቃል ይጻፉበት። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት ከሁሉም መጽሐፍ በላይ የሚጠቅማቸው ያ ደብተር ነው።

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ልጆች ወላጆችም ይህ ለእናንተ ነው። ሒሳብ በመሠረት ላይ የሚገነባ ትምህርት ነው። 9ኛ ክፍል ላይ እኩልታ መፍታት ያልለመደ ልጅ 12ኛ ክፍል ካልኩለስ ሲመጣበት የሚይዘው አያገኝም።

🔹 ሁለተኛ፦ ቦታ

ቤታችንን እናውቀዋለን። አንድ ክፍል ነው፤ ቴሌቪዥኑ እዚያው፣ እንግዳው እዚያው፣ የሚተኛው ሕፃን እዚያው። መብራት ይሄዳል። በዚህ መሀል አንድ ልጅ ኬሚስትሪ እንዲያጠና እንጠብቃለን።

በሌላ በኩል በየሰፈሩ መስጂድ አለ፣ በየመስጂዱም አጠገብ የመድረሳ ክፍል አለ። ሕፃናቱ ቁርኣን ቀርተው ከሄዱ በኋላ ክፍሉ ተቆልፎ ያድራል። ወንበሩም፣ ሰሌዳውም፣ አምፖሉም እዚያው አለ። ከዒሻ በኋላ እስከ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ቢከፈት ምን ያስከፍለናል? የመብራት ሒሳብና በር የሚጠብቅ አንድ ሰው። ለሴቶቹ የራሳቸው ክፍል ይኑር፤ ሲመለሱ ወንድም ወይም አባት ይቀበላቸው። ማታ የማይመች ከሆነ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ይሁንላቸው።

«መስጂድ የዱንያ ትምህርት ቦታ አይደለም» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። ጫጫታ፣ የወንድና የሴት መቀላቀል፣ የሶላት ቦታ ክብር መጓደል ያሰጋቸዋል። እኔ የምለው ግን ስለ መድረሳው ክፍል ነው፤ ሥርዓትም ይኑረው ነው የምለው። ነገሩን ደግሞ ከሌላ በኩል እንየው። ሚስቶቻችን ምጥ ሲይዛቸው ሴት ሐኪም እንፈልጋለን። ስትጠፋ እንናደዳለን። ያቺ ሐኪም ከየት ትመጣለች? ይህንኑ ፈተና አልፋ ነው የምትመጣው። የአንዳችንን ልጅ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ማስቀመጥ ካልቻልን ነገ ሴት ሐኪም የመጠየቅ አፍ አይኖረንም። ኢማም አል-ገዛሊ ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርዱል ኪፋያ ቆጥረዋቸዋል፤ ማንም ካልያዘው ሁሉም የሚጠየቅበት ማለት ነው። እንግዲህ ለሐኪሟ በር የሚከፍተው ፈተና የጀመዓው ጉዳይ ካልሆነ የማን ይሆናል?

🔹 ሦስተኛ፦ ሰሚ

ከሦስቱ በጣም የተዘነጋው ይህ ነው። በመድረሳ ደረሳው የያዘውን ለራሱ ብቻ ይዞ አይቀመጥም። ኡስታዙ ፊት ቁጭ ብሎ ያሰማል። ተስሚዕ የምንለው ይህ ነው። ብቻውን ሲቀራ የሚያውቀው የመሰለው፣ ሰው ፊት ሲያሰማ ይሰናከላል። የተሰናከለበት ቦታ ላይ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው።

የአካዳሚ ተማሪ ግን ለብቻው ያነባል፣ በቀለም ያሰምራል፣ «ገብቶኛል» ይላል፣ ይዘጋል። መረዳቱን የሚፈትሸው ሰው ሳያገኝ ፈተናው ላይ ይደርሳል።

ሰሚ ለመሆን ፊዚክስ ማወቅ አያስፈልግም። ማንበብ የማትችል እናት ልጇን «ዛሬ የተማርከውን አስረዳኝ» ማለት ትችላለች። ልጁ ዕፅዋት ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን እንዴት እንደሚሠሩ በእናቱ ቋንቋ ማስረዳት ከቻለ ገብቶታል። «እ... እሱ እንኳ...» እያለ ከተንተባተበ አልገባውም፤ ተመልሶ ያንብብ። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንዲት እናት አሥር ደቂቃ ነው።

ጀመዓው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይችላል። በየሰፈራችን ይህን ፈተና አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች አሉ። ለእረፍት ሲመጡ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲቀመጡላቸው እንጠይቃቸው። የትራንስፖርትና የሻይ እንሸፍን። ተፈታኞቹም አራት አምስት ሆነው ይሰባሰቡና እያንዳንዱ አንድ አንድ ምዕራፍ ለሌሎቹ ያስተምር። ያስተማረ ሰው አይረሳም።

ሰሚው ሊከታተላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮችን ልጥቀስ።

✅ እንግሊዝኛ። የባዮሎጂው ጥያቄም፣ የጂኦግራፊውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ልጅ ትምህርቱን እያወቀ ጥያቄው ስላልገባው ይስታል። «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን «ትክክል የሆነው» ብሎ አንብቦ ነጥቡን ይጥላል። ነሕው ሳይቀራ ኪታብ ውስጥ እንደገባ ደረሳ ነው፤ ፊደሉን ያነባል፣ ትርጉሙ ያመልጠዋል። በየቀኑ ከራሱ መጽሐፍ ውስጥ አሥር ቃል ይያዝ። በዓመቱ ብዙ ርቀት ይሄዳል።

✅ አፕቲቲዩድ። ይህን በትምህርት ቤት እንደ አንድ ትምህርት የሚያስተምረው የለም፣ ፈተናው ላይ ግን ይመጣል። የቃላት ዝምድና፣ የቁጥር ተራ፣ የማመዛዘን ጥያቄ ነው። የሚሻሻለው በልምምድ ብቻ ነው። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃዋል።

✅ ኮምፒውተር። ከ2016 ጀምሮ የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒውተር እየወሰዱ ነው፤ ቁጥራቸውም ጨምሯል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ በፈተናው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮምፒውተር ፊት ቢቀመጥ ምን ይሰማዋል? ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ወንድም ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢያውሳቸው ትልቅ ሶደቃ ነው።

🔹 «ፈተናው ወጥቷል» ለሚሏችሁ

በየዓመቱ ፈተናው ሲቃረብ በቴሌግራም «ፈተናው እጃችን ላይ ነው፣ ይህን ያህል ብር ላኩ» የሚሉ ይበዛሉ። አብዛኞቹ ሌቦች ናቸው። ገንዘቡን ወስደው ይጠፋሉ፤ የልጁ የመጨረሻ ሳምንትም የሐሰት ወረቀት ሲሸመድድ ያልቃል። እውነተኛ ሆኖ የወጣበት ጊዜም ማንንም አልጠቀመም። በ2008 ፈተናው ተሰርቆ ሲወጣ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል፤ ያልሰረቀውም አብሮ ተንገላቷል።

ለልጁ መልስ የሚገዛ ወላጅ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲው ወንበር የተቆጠረ ነው። ልጅህ ባልሠራበት ከተቀመጠ፣ ሌሊቱን በኩራዝ ያጠና የሌላ ድሃ ልጅ ተነስቶ ነው። ያ ሐቅ ነው። ኩረጃን «መረዳዳት» እያልን ስም ብናሳምርለትም ማጭበርበር ከመሆን አይወጣም። ደግሞም ለአራት ዓመት በትምህርት ቤቱ ተደጋግፎ ያለፈ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ከላይ ያለው ቁጥር ነግሮናል።

🔹 የፈተናው ሳምንት

ብዙዎቹ ልጆች ሲፈተኑ የቆዩት ከቤት ወጥተው፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ነው። ለብዙዎቹ ከቤተሰብ ተለይተው ሲያድሩ የመጀመሪያቸው ነው። አስቀድማችሁ አለማምዷቸው። ልብሱን የሚያጥብ፣ ዕቃውን የሚይዝ፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር አንድ ክፍል ማደር የሚችል ይሁን። መግቢያ ካርዱንና የተፈቀደለትን ነገር ብቻ ይያዝ፤ የተከለከለው ነገር ስልክን ጨምሮ ቤት ይቅር። ሌሊቱን አይንቃ። የተኛ አእምሮ ከነቃ ደብተር ይሻላል። ሱብሒን ሰግዶ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ተረጋግቶ ይግባ። በወረቀት የሚፈተን ከሆነ አንድ ጥያቄ ሲዘል በመልስ ወረቀቱ ላይም ያንኑ ቁጥር መዝለሉን ይመልከት። አንድ መስመር ተዛብቶ እስከ መጨረሻው የጠቆረ መልስ የዓመት ልፋት ይበላል።

🔹 ውጤቱ ሲመጣ

አንዳንዱ ልጅ ይህን ሁሉ አድርጎም ላያልፍ ይችላል። ያን ቀን ቤታችን ምን ይመስላል? «የእገሌ ልጅ ይህን ያህል አመጣች» ይባላል፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ክፍሉን ይዘጋል። እባካችሁ ወላጆች፣ ያን ቀን ምላሳችሁን ያዙ። ግማሹን ላላገኙ ነገር ግን ለተቃረቡ የሪሚዲያል ፕሮግራም ተከፍቷል፤ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ፤ ቴክኒክና ሙያ አለ። እጁ የሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቤት ሲያበራ ማትሪክ ስንት እንዳመጣ የሚጠይቀው የለም። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ውጤት የሰው ዋጋ አይደለም። ይህን ለልጁ መንገር ያለብን ግን ሰበቡን ከእኛ በኩል ካደረስን በኋላ ነው። ጊዜ ነፍገነው፣ ቦታ ነፍገነው፣ ሳንሰማው ቀርተን «ቀደር ነው» ብንለው የራሳችንን ጥፋት በቀደር መሸፈን ይሆንብናል።

🔹 ለመስጂድ ኮሚቴዎች

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንድ፣ በጀመዓችሁ ውስጥ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ያሉ ወንድና ሴት ልጆችን ስም መዝግቡ። ስንት እንደሆኑ የሚያውቅ ኮሚቴ ስንቱ ጋ ነው ያለው? ሁለት፣ አንድ ክፍል ክፈቱላቸው፣ ሰዓቱን በር ላይ ለጥፉ። ሦስት፣ ፈተናውን ያለፉ ሁለት ልጆችን ኃላፊ አድርጉ። ይህ ሲሆን ሰኔ ላይ እጃችንን ለዱዓ ስናነሳ ሰበቡን ካደረሱት ጋር ሆነን ነው የምናነሳው።

አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፣ ልፋታቸውን ያግራላቸው፣ ለወላጆቻቸው የዓይን ማረፊያ ያድርጋቸው። አሚን።

ጽሑፉን 12ኛ ክፍል ልጅ ላለው ወላጅና ለመስጂዳችሁ ኮሚቴ አድርሱልኝ። በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ የጥናት ክፍል ከፍታችሁ የምታውቁ ካላችሁም እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልን፤ ሌላው ከእናንተ ይማራል።